መፋቂያ የተከለከለበት ጾም

ይህ ነገር የሆነው በሩቅ አገር ነው። የት ነው ብሎ የሚያጣራ አይጠፋምና አስቀድሜ ልናገር፤ የእናንተ አገር አይደለም። የእኔም አይደለም። ከሁለታችን አገር ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢገኝ ጥፋቱ የዚያ አገር ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

የዚያ አገር ሰው ጾም ይወዳል። የጾሙ ወራት ሲገባ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሹማምንት ካባ ይደርባሉ፣ ከተማው ከሠርግ ቤት ይብስ ይደምቃል። የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን በእውነት እንደጾመና ማን እንዳልጾመ በምን ይታወቃል? እግዚአብሔር ያውቀዋል ብሎ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን እግዚአብሔር የሚያውቀውን ቤተ መንግሥቱም ማወቅ አለበት የሚል የቆየ ደንብ ነበራቸው።

ሊቃውንቱ ተሰብስበው መከሩ። አንዱ ሆድ ይዳሰስ አለ። ሁሉም የየራሳቸውን ሆድ አይተው ሐሳቡን ጣሉት። ሌላው ደግሞ የፊት መገርጣት ምልክት ይሁን ቢል፣ እንዲያማ ከሆነ ድሀው ሁሉ ጻድቅ ሊባል ነው ተብሎ ተተወ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሊቅ፣ ከማለዳ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ አፍ ከሰዓት በኋላ እንደሚሸት አስታወሱ። ይህስ እውነት ነው፤ ከጾመ ሰው ጋር አንድ ጋቢ ለብሶ ቅዳሴ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የሸተተ አፍ የጾመ ነው፣ ያልሸተተ አፍ የበላ ነው ተብሎ ተደነገገ።

ከደንቡ ማግስት መፋቂያ ታገደ። በየቤቱ የተገኘው የወይራ መፋቂያ ሁሉ ተለቅሞ በአደባባይ ነደደ። ከሊቃውንቱ አንዱ፣ የሚጾም ሰው ፊቱን ይታጠብ የሚል ትእዛዝ ነበረሳ ብለው ቢያነሡ፣ የቀሩት ፊት ተባለ እንጂ አፍ መች ተባለ ብለው ዝም አሰኟቸው። ሰው ከሰው ሲገናኝ እጅ መንሣት ቀረና ተጠግቶ እፍ መባባል ሆነ። እስትንፋሱ የከረፋ ሰው በሸንጎ ከላይ ይቀመጣል፤ ባጠገቡ መቀመጥ የሚችል ስለሌለም ክብሩ ከሩቅ ይለይ ነበር። እኛ አገር አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እንላለን። እነሱ አገር አፍ ሲከፈት የሚፈለገው ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ የሚዳኝ ሹም ያስፈልግ ነበርና ሊቀ አፍንጫ የሚባል ማዕረግ ተፈጠረ። የተሾሙት ጓንጉል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጓንጉል የድሀ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ችጋር አይተዋል። አፍንጫቸው ግን ጉድ ነው። ከደጅ ቆመው ጓዳ ውስጥ የተጣደውን ይለያሉ፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ያውቁታል። ከተሾሙ ወዲህ ያ አፍንጫ የመንግሥት ንብረት ሆነ። በሐር ሻሽ ይሸፈናል፣ ጃንጥላ ይያዝለታል፣ እሳቸው ባሉበት ሰፈር ሽንኩርት ማቁላላት በግርፋት ያስቀጣል። ንጉሡ ሲያስነጥሱ ይማርዎ ይባልና ያልፋል፤ ሊቀ አፍንጫው ሲያስነጥሱ ግን ሸንጎ ይበተናል።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕዝቡ በአደባባይ ይሰለፋል። መኳንንቱ አንድ በአንድ ይሸተታሉ፣ ስማቸውም በነጋሪት ይነገራል። የዳር ሰፈር ድሀ ግን ጊዜ እንዳይፈጅ በጅምላ ነበር የሚሸተተው። ተሰብስበው ይቆማሉ፣ በአንድ ትእዛዝ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ሊቀ አፍንጫውም ከሩቅ ራሳቸውን ነቅንቀው ያሳልፏቸዋል።

ከመኳንንቱ መካከል የሚበልጣቸው ያልነበረ፣ ደጃዝማች ጠናጋሻው የሚባሉ የንጉሡ አማች ነበሩ። እኒህ ሰው ጥሬ ሥጋ ሳይቀምሱ ውለው አያውቁም። ጾሙ በገባ ጊዜ በጣም ተጨነቁ። አንድ ቆዳ ፋቂ አገልጋያቸው ነው የገላገላቸው። ቆዳ የሰነበተበትን የመዘፍዘፊያ ውኃ በቅል አመጣላቸው። ደጃዝማቹ ከምሳቸው በኋላ ተጉመጠመጡበት። ያን ቀን ከአደባባዩ ሁለት ሰው ወድቆ በቃሬዛ ሄደ፤ ደጃዝማቹም ተአምረኛ ጾመኛ ተባሉ። ውኃውን ትሩፋት ብለው ስም አወጡለት። ውሎ ሳያድር ከመኳንንቱ ቤት ሁሉ የትሩፋት ቅል ተንጠለጠለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ!

ሌላም ደንብ ነበረ። በጾም ያልተበላው ሁሉ የፋሲካ ጎተራ በሚባል ግምጃ ቤት ይገባል፤ ጎተራው በፋሲካ ተከፍቶ ለመኳንንቱ ግብር ይበላበታል። ከጾሙ የተረፈውን ለሌላ የሰጠ ሰው ጎተራውን እንደሰረቀ ይቆጠራል። ከከተማው ቅጥር ውጭ የሚያድሩ ችግረኞች ነበሩ። እነሱን ምን እናድርግ ሲባል ሊቃውንቱ አስበውበት፣ ጾም የለባቸውም ብለው ፈረዱ። ሰው የሌለውን ተወ አይባልም አሉ። ይህ ፍርድ እስከዛሬ በርኅራኄው ይጠቀሳል።

እንግዲህ ወደ ትርንጎ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጀመርኩት ስለ እሷ ነው። ትርንጎ በዳር ሰፈር የምትኖር፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ባልቴት ነበረች። ምላሷ ሹል ነው፣ ሰው አይደፍራትም። በዚያ ዓመት ቆላው ደርቆ ሕዝብ ሲሰደድ አለሚቱ የምትባል አንዲት ነፍሰ ጡር ከቅጥሩ ሥር ደርሳ እዚያው ወለደች። ትርንጎ እንዝርቷን ይዛ ስታልፍ የሕፃን ልቅሶ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷን የቀን ምግብ፣ ያችኑ የገብስ ዱቄት፣ አጥሚት አድርጋ በነጠላዋ ሥር ደብቃ ለአራሷ ትወስዳለች። እሷ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንድ እፍኝ ሽምብራ ቆርጥማ ውኃ ትጠጣለች።

ወደ አራሷ ከመሄዷ በፊት ደግሞ ፊቷን ትታጠባለች፣ በስውር በያዘችው የወይራ ስንጥር ጥርሷን ትፍቃለች። አባቷ የጾመ ሰው አይጠውልግ፣ ጾም የእግዜር እንጂ የጎረቤት አይደለም ይሏት ነበር። እሷ ግን ምክንያቷ ከዚህ ያነሰ ነው። ሕፃኑን አቅፋ ትስመዋለች፤ በከረፋ አፍ ሕፃን አይሳምም። በጅምላ ስለሚሸተቱም ንጹሑን አፏን ያወቀባት አልነበረም።

በጾሙ እኩሌታ ላይ ሊቀ አፍንጫ ጓንጉል ጉንፋን ያዛቸው። አገር ተናወጠ። አፍንጫቸው ድፍን ብሎ የበግና የጽጌረዳን ሽታ መለየት አቃታቸው። ሊቃውንቱ ሌት ተቀን ተከራክረው፣ ያልተሸተተ ጾም ጾም ሊባል አይችልም የሚል ፍርድ ላይ ደረሱ። ስለዚህም የሊቀ አፍንጫው አፍንጫ እስኪከፈት ድረስ ጾሙ ባለበት ይቁም፣ ሰማይም ይህንኑ ይወቅልን ተብሎ ታወጀ። ሕዝቡ እልል አለ። በየጓሮው በግ ታረደ፣ ቅቤ ተነጠረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ትርንጎ ግን አላቆመችም። ጎረቤቷ ምነው አዋጁን አልሰማሽም ብትላት፣ አራሷ ጉንፋን አልያዛትም ብላ መለሰችላት። ጎረቤቷ የትኛዋ አራስ እንደሆነች አልጠየቀችም። አፏ በቅቤ ተሞልቶ ነበርና።

አንድ ማለዳ የጓንጉል አፍንጫ በድንገት ተከፈተ። ጾሙ እንደገና ተጀመረ ተብሎ ነጋሪት ተመታ። ንጉሡም አፍንጫው ከሕመሙ ደክሞ እንደሆነ ይፈተን ብለው፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድሀውም ጭምር አንድ በአንድ እንዲሸተት አዘዙ። ዳር ሰፈር ተሸበረ፤ ሁሉም ጠዋት ሥጋ በልቶ ነበር። ከደጃዝማቹ ቤት አንድ ትልቅ ቅል ትሩፋት ተለምኖ መጣና ሕዝቡ በተራ ተጉመጠመጠ። ጎረቤቷ ቅሉን ለትርንጎ አቀበለቻት።

“ተጉመጥመጪ እንጂ እታለም፣ ተራሽ ሊደርስ ነው።”

“እኔ ጾሜ ነው የዋልኩት። ምን ላስመስል?” አለች ትርንጎ።

ተራዋ ደረሰና ከሊቀ አፍንጫው ፊት ቀረበች። ሻሹ ተገለጠ። እሷም አፏን ከፈተች። የዚያን ቀን ከአገሩ ሕዝብ ሁሉ አፏ ያልሸተተ እሷ ብቻ ሆነች። ወዲያው ይዘው ወደ ንጉሡ ችሎት አቀረቧት።

ጾም የፈታ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነው። እሳቱ ይጠፋል። ወታደር ቤቱ ገብቶ ምድጃው ላይ ውኃ ያፈሳል፤ እስከ ከርሞ ጾም ድረስም እሳት የሚያስጭረው ጎረቤት አይኖርም፤ የሰጠ ሰው የእሱም ምድጃ ይጠፋል። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ስለ ራሷ አልነበረም ያዘነችው። እሳት ከሌለ አጥሚት የለም፤ አጥሚት ከሌለ ያች አራስ ጡቷ ይደርቃል። እውነቱን ልትናገር አትችልም፤ ብትናገር ጎተራ ሰርቃ ያበላቻት ናት ተብሎ አራሷ ከነልጇ ከቅጥሩ ሥር ትባረራለች።

ንጉሡ ጾመሻል ወይስ በልተሻል ብለው ጠየቋት።

“ጃንሆይ፣ ጾሙን የጠየቀኝ ፈጣሪ ነው። መልሱንም ለእሱ እሰጣለሁ” አለች።

መልሱ ድፍረት ነው ተባለ። ፍርዱ ያለ ምስክር እንዳይሆን ግን ሊቀ አፍንጫው በችሎት ፊት ደግመው እንዲያሸቷት ታዘዘ። ጓንጉል ተጠጉ። መጀመሪያ የወይራውን መዓዛ አገኙ። ከእሱ በታች ሌላ ነገር ነበረ። ከጥርስ ሳይሆን ከአንጀት የሚመጣ፣ ፍቀው የማያስለቅቁት፣ በቅልም የማይቀዳ ሽታ። ያውቁታል። በችጋሩ ዓመት እናታቸው የመጨረሻዋን ቂጣ ለእሳቸው ሰጥተው፣ እኔ በልቻለሁ ልጄ እያሉ ሲያቅፏቸው ከእናታቸው አፍ የሸተታቸው ይኸው ነበር። ሹመት ከያዙ ወዲህ ሺህ አፍ አሽተው አንድ ቀን እንኳ አላገኙትም። አፍንጫቸው ተንቀጠቀጠ።

አሁን እውነቱን ቢናገሩ፣ በአደባባይ ሲያከብሩት የኖሩት ሁሉ የቆዳ ውኃ ነው ማለት ይሆናል። ማዕረጉ፣ ጃንጥላው፣ የሐር ሻሹ፣ ሁሉም ይሄዳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ገና በልተው አልጠገቡም ነበር።

“አፏ አይሸትም” አሉ።

ከዚህ የበለጠ እውነት አልተናገሩም፤ ከዚህ የከፋ ውሸትም አልዋሹም። የትርንጎ ምድጃ የዚያኑ ዕለት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ጓንጉል ሰላም አጡ። ምግብ ሲቀርብላቸው ቆዳ ቆዳ ይላቸዋል። ነፋስ ከዳር ሰፈር በነፈሰ ቁጥር የየቤቱ ጭስ ሲሸታቸው የአንዲቱ ጎጆ ጭስ ብቻ ይጎድልባቸዋል። ትርንጎ በነዚያ ቀናት ያላትን በሶ እየበጠበጠች ለአራሷ አደረሰች። በሶው ሲያልቅ ጥሬ ገብስ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ሰጠቻት። የሕፃኑ ልቅሶ እየሰለለ ሄደ። የምትለምነው ጎረቤት ቢኖርም እሳት የሚሰጣት አልነበረም፤ ጾም ላይ ናቸውና ሕግ ማፍረስ አይሆንላቸውም።

ቅዳም ሹር ደረሰ። በዚያ አገር በዚህ ቀን ሕዝቡ ቄጤማ በራሱ ሲያስር ለዓመቱ ጾመኛ ደግሞ ከወርቅ የተሠራ ቄጤማ ይታሰርለታል። ማን እንደሆነ መቼም ገምታችኋል። ደጃዝማች ጠናጋሻው ካባቸውን ለብሰው ከሊቀ አፍንጫው ፊት ቆሙና አፋቸውን ከፈቱ። ጓንጉል አሸተቱ። ከላይ ቆዳ፣ ከሥሩ ጥሬ ሥጋ፣ ከዚያም በታች ጠጅ። በዚህ መካከል ደጃዝማቹ በኃይል አገሱ። ሊቃውንቱ ፈጥነው ተመካከሩና ባዶ ሆድ ነፋስ እንደሚያበዛ፣ ይህም የጾም ግሳት እንደሆነ ገለጹ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጓንጉልም እንደ ደንቡ፣ ድንቅ ጾም ነው ብለው የወርቁን ቄጤማ አሰሩላቸው።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን መፋቂያ አምጪልኝ አሏቸው። ወይዘሮዋ ባላቸው ያበዱ መሰላቸው። በቤቱ መፋቂያ ስላልነበረ ጓንጉል ራሳቸው ከጓሮው ወይራ ቅርንጫፍ ሰበሩና ድዳቸው እስኪደማ ፋቁ። ፊታቸውን ታጠቡ። ከምድጃቸው ፍም በገል ላይ አድርገው፣ አመድ ነስንሰውበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ጃንጥላና ያለ ሻሽ በከተማው መሐል ወደ ዳር ሰፈር ወረዱ። ሰው ሁሉ እያየ ነበር። ማንም ግን ሊቀ አፍንጫ እሳት ተሸክሞ ይሄዳል ብሎ ስላላሰበ ያየውን አላመነም።

ትርንጎ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር።

“ዛሬ ደግሞ ምን ሊያሸቱ መጡ?” አለቻቸው።

“እሳት ይዤልሽ መጥቼ ነው እመቤቴ።” ገሉን ዘረጉላት። “ያን ቀን አውቄ ነበር።”

“ማወቅዎንማ አይቻለሁ። አፍንጫዎ ሲንቀጠቀጥ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ምነው አላጋለጥሽኝ?”

“ጾሜን ለእርስዎ አፍንጫ አልጾምኩትማ።” ገሉን ተቀብላ ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። “ከመጡ አይቀር ያችን እንስራ ያንሡና ውኃ ይቅዱልኝ። አጥሚት ያለ ውኃ አይሠራም።”

ሊቀ አፍንጫውም እንስራ ተሸክመው ምንጭ ወረዱ። አጥሚቱ ሲበስል አብረው ወደ ቅጥሩ ሥር ሄዱ። አለሚቱ ጠጣች፣ ሕፃኑም ጠባ። ጓንጉል ያን ቀን ምን እንደሸተታቸው ለማንም አልተናገሩም፤ ማልቀሳቸውን ግን አለሚቱ ራሷ ተናግራለች።

የትርንጎ ጎጆ ጭስ አጋለጣቸውና የዚያኑ ማታ ተያዙ። በችሎት አፋቸው ሲሸተት ወይራ ወይራ አለ። እሳቸውም አልካዱም፤ ያች ሴት ጾማለች፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የጾም ሽታ ከጥርስ አይደለም፣ እናንተ የምታከብሩት የቆዳ ውኃ ነው ብለው ቅልጭ አድርገው ተናገሩ። ሻሹ ተገፈፈ፣ ሹመታቸው ተነሣ። እኔ ግን አንቱታዬን አላነሣባቸውም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ነገር ግን ንግግራቸው ለሊቃውንቱ ሐሳብ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ሲመረምሩት ቆይተው፣ ጾም በስውር ሊሆን እንደሚገባ ደረሱበት። ተሳሳትን አላሉም፤ ያ አገር ተሳስቶ አያውቅም። ደንቡ ተሻሻለ ነው የተባለው። በተሻሻለው ደንብ የሚጾም ሰው ሁሉ መፋቂያ በአፉ ይዞ መታየት አለበት፤ መፋቂያ የሌለው ጾም የፈታ ነው። ሊቀ መፋቂያ የሚባል ሹም ተሾመ። ደጃዝማች ጠናጋሻው ምርኩዝ የሚያህል፣ ጫፉ ወርቅ የተለበጠ መፋቂያ አሠርተው ሁለት አሽከር አሸከሙ። ትሩፋት ያመጣላቸው የነበረው ቆዳ ፋቂም አሁን መፋቂያው ከሩቅ እንዲያብለጨልጭ የወይራ ዘይት ያቀርባል።

ምጽዋትም በደንቡ ገባ። አንድ ቀን በከተማው እምቢልታ እየተነፋ፣ ደጃዝማች ጠናጋሻው ዛሬ ከሰዓት በኋላ በስውር ሊመጸውቱ ነውና ሕዝብ ሁሉ ወጥቶ እንዲያይ ተብሎ ታወጀ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደጃዝማቹ ከቅጥሩ ሥር ደርሰው ለአለሚቱ አንድ ዳቦ ዘረጉላትና ሁሉም እስኪያያቸው ድረስ ሳይለቁ ያዙት። አለሚቱ አንደኛውን ጫፍ እሳቸው ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ቆዩ። ሕዝቡ ሲበተን ዳቦውን ለሌላ ቀን ስውር ምጽዋት ያስፈልጋል ብለው መልሰው ወሰዱት።

ትርንጎስ? ሁሉም መፋቂያ ይዞ ሲታይ እሷ መፋቂያዋን በመቀነቷ ደበቀች። ሊቀ መፋቂያው በቤቷ ሲያልፍ አፏ ላይ መፋቂያ አላየምና ጾም ፈትታለች ተባለ። ወታደሩ እንደ አምናው ገብቶ ምድጃዋ ላይ ውኃ አፈሰሰ።

የሚገርመው ግን በየማለዳው ከዚያች ጎጆ ጭስ ይወጣል። እሳቱን ማን እንደሚያመጣላት የሚያውቅ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ አመድ የለበሰ ገል በእጃቸው፣ እንስራ በጀርባቸው አድርገው በዚያ በኩል ሲያልፉ ይታያሉ። ሹማምንቱ ያስቆሟቸውና፣ እርስዎ በአንድ ወቅት አዋቂ ነበሩ፣ እስቲ ይንገሩን፣ ያች ሴት በእውነት ጾማለች ወይስ አልጾመችም ብለው ይጠይቋቸዋል።

ሽማግሌውም አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉና፣

“እኔ ምን አውቄ ጌቶቼ፣ ጉንፋን ይዞኛል” ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።